ሳንዱዊች የካርቦን ፋይበር ሥሪትና የግጭት ጉዳት

ሳንዱዊች የሚባለው ሥሪት ሁለት ስስ የካርቦን ፋይበር ገጾች እንደ ማር እንጀራ የተሠራ ቀላል ልብ በመካከላቸው አድርገው በሙጫ የተያያዙበት ነው። ልቡ ገጾቹን አራርቆ ስለሚይዝ፥ ክብደቱ ሳይበዛ ግትርነቱ ይጨምራል።

ነገር ግን በረዶ ወይም ከእጅ ያመለጠ መፍቻ ሲመታው ድካሙ ይገለጣል። አሉሚኒየም ቢመታ ይሰረጉዳል፤ ምልክቱም ይታያል። የካርቦን ፋይበር ገጽ ግን ተመልሶ ሊቃና ይችላል፤ ከሥሩ ልቡ ተጨፍልቆ፥ ሙጫውም ተላቆ ይቀራል። ይህም ክፍል በኋላ ሲጨመቅ ከታሰበለት ባነሰ ጭነት ይሰበራል።

የተሰወረ መላቀቅ አስጊ መሆኑን በ1997 ዓ.ም. ከኩባ የተነሣው ኤርባስ 310 አሳይቷል፤ ምንም እንኳ መነሻው የደነዘ ነገር ግጭት ባይሆን፥ የጭራው መሪ በበረራ ላይ ተገነጠለ። ደግነቱ አውሮፕላኑ ተመልሶ በደኅና ዐረፈ።

ስለዚህ መካኒኩ ገጹን በማየት ብቻ ሳይወሰን ቀስ አድርጎ ያንኳኳል፤ ጤነኛው ጥርት ያለ፥ የተላቀቀው የታፈነ ድምፅ ይሰጣል።