የአሜሪካ ኮሌጆች የሯጭ ምልመላ

በኅዳር 2025 (እ.ኤ.አ.) ሚዙሪ ግዛት ኮሎምቢያ ከተማ በተካሄደው የአሜሪካ ኮሌጆች የአገር አቋራጭ ሻምፒዮና በወንዶች ኤርትራዊው የኒው ሜክሲኮ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሀብቶም ሳሙኤል፣ በሴቶች ኬንያዊቷ የአላባማ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ዶሪስ ለምንጎሌ አሸነፉ። ለምንጎሌ በዚያው ዓመት ሰኔ ላይ በ3000 ሜትር መሰናክል 8:58.15 በመግባት ከ9 ደቂቃ በታች የሮጠች የመጀመሪያዋ የኮሌጅ አትሌት ሆናለች። ይህ ሰዓት በዓለም ሻምፒዮና ፍጻሜ ከሚሮጡት ተርታ የሚያሰልፍ ነው። የኮሌጅ ሩጫ ደረጃ እዚህ ሲደርስ አሠልጣኞች ተማሪ የሚፈልጉበት ቦታና መንገድም አብሮ ተለውጧል።

ለውጡን ያፋጠነው የፍርድ ቤት ስምምነት ነው። ዳኛ ክላውዲያ ዊልከን ሰኔ 6 ቀን 2025 ያጸደቁት ውል ኮሌጆች ለአትሌቶቻቸው በቀጥታ እንዲከፍሉ ፈቀደ። ከገንዘቡ አብዛኛው ወደ አሜሪካ ፉትቦልና ቅርጫት ኳስ ስለሚሄድ ሩጫ የሚደርሰው ፍርፋሪ ነው። ሩጫን የነካው ሌላው አንቀጽ ነው። ቀድሞ የአንድ ኮሌጅ የወንዶች አትሌቲክስና አገር አቋራጭ ቡድን በድምሩ ከ12.6 በላይ ስኮላርሺፕ መስጠት አይችልም ነበር፤ የሴቶቹ ጣሪያ 18 ነበር። አሠልጣኙ ይህችኑ ለብዙ ልጆች ይሸነሽናት ነበር። በውሉ የገቡ ኮሌጆች አሁን የስኮላርሺፕ ጣሪያ የለባቸውም፤ በምትኩ የቡድኑ አባላት ቁጥር ተገድቧል፤ ለአገር አቋራጭ 17፣ ለአትሌቲክስ 45። በዚህ የተጎዳው በራሱ ወጪ እየተማረ ቡድኑን ተቀላቅሎ በሦስተኛ ዓመቱ ይሻሻል የነበረው የሰፈር ልጅ ነው። ከ17 አንዱን ቦታ ለተስፋ መስጠት አሠልጣኙን ያስፈራዋል። ከ2018 ወዲህ የዝውውር ሥርዓቱ በመቅለሉ ደግሞ በሌላ ኮሌጅ የተፈተነ ሯጭ መውሰድ ይቀለዋል።

የተፈተነ ሯጭ ከውጭ አገርም ይገኛል፤ ሩጫ ለሩቅ ምልመላ የሚመች ስፖርት ነው። ተከላካይን ለመገምገም ጨዋታውን ማየት ያስፈልጋል፤ ሯጭን ግን ሰዓቱ ይናገርለታል። ያም ሆኖ ሰዓት ትርጓሜ ይፈልጋል። ከባሕር ወለል 2000 ሜትር ከፍ ባለችው ኤልዶሬት 5000 ሜትርን በ14 ደቂቃ የጨረሰ ወጣት ቆላ ወርዶ ስንት እንደሚገባ አሠልጣኙ በግምት ያሰላል። ከዚያ የሁለተኛ ደረጃ ውጤት፣ የእንግሊዝኛ ፈተና፣ በመጨረሻም ቪዛ ይከተላል። በመካከል የሚገባው አገናኝ ነው፤ ልጁን ከኮሌጅ የሚያገናኝ ታማኝ ሰው እንዳለ ሁሉ፣ ሰነድ በማስጨረስ ስም ቤተሰብ የሚያስከፍልም አይጠፋም።

የውጭ ሯጮች ነገር አዲስ ክርክር አይደለም፤ የዛሬው ቅሬታም ከ50 ዓመት በፊት ከነበረው ብዙም አይለይም። ኬንያዊው ሄንሪ ሮኖ በ1978 የዋሽንግተን ስቴት ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሳለ በ81 ቀናት ውስጥ አራት የዓለም ክብረ ወሰኖችን ሰበረ። ዕድሜው 26 ነበር። ኤል ፓሶ የሚገኘው የቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ ታንዛኒያዊውን ሱለይማን ኒያምቡይን አሠልፏል፤ ኒያምቡይ ምሩጽ ይፍጠር በሞስኮ ኦሎምፒክ 5000 ሜትርን ሲያሸንፍ ሁለተኛ የወጣው፣ በዚያው በ1980 የኮሌጆች አገር አቋራጭ ሻምፒዮን የሆነው ነው። ዩኒቨርሲቲው በማግስቱ ዓመት የቡድን ዋንጫውን በ17 ነጥብ ወሰደ፤ ፍጹም ውጤት የሚባለው 15 ነው። ተቀናቃኞች «አዋቂዎች ከልጆች ጋር እየሮጡ ነው» ሲሉ አማረሩ።

የኮሌጅ ስፖርት ማኅበሩ ኤንሲኤኤ ቀደም ሲል የውጭ ተማሪዎችን ብቻ የሚመለከት ደንብ ነበረው፤ ከ19 ዓመት በኋላ በአገራቸው የተወዳደሩበትን ጊዜ ከኮሌጅ የውድድር ዓመታቸው ይቀንስባቸው ነበር። የሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ የእግር ኳስ ቡድን የ1971 ዋንጫውን ከተነጠቀ በኋላ ክስ መሠረተ፤ ደንቡም ሕገ መንግሥቱን ይጥሳል መባሉን የይግባኝ ፍርድ ቤት በ1975 አጸና። ከዚያ ወዲህ የወጡት የዕድሜ ደንቦች የተጻፉት ለሁሉም ነው። በዛሬው አሠራር ሁለተኛ ደረጃን ጨርሶ ከአንድ የእፎይታ ዓመት በላይ የተወዳደረ ሯጭ፣ አሜሪካዊም ይሁን ኬንያዊ፣ ከአራቱ የኮሌጅ የውድድር ዓመታት ይቆረጥበታል። ዕድሜ የሚነሳው ግን ብዙ ጊዜ የውጭ ልጅ ሲያሸንፍ ነው፤ ለሃይማኖታዊ ተልእኮ ሁለት ዓመት ቆይተው የሚመለሱት የብሪገም ያንግ ዩኒቨርሲቲ ሯጮች ያን ያህል አይወቀሱም። ይህ ዩኒቨርሲቲ በ2024 የወንዶቹንም የሴቶቹንም ዋንጫ ያነሣው በአብዛኛው በአሜሪካውያን ሯጮች ነው።

በዚህ ሁሉ ውስጥ የኢትዮጵያ ስም ጎልቶ አይወጣም፤ ምክንያቱ የሯጭ እጥረት አይደለም። ተስፋ የተጣለበት ወጣት ከወጣቶች ሥልጠና ፕሮጀክት ወደ ክለብ፣ ለምሳሌ ወደ መቻል ወይም ወደ ኢትዮጵያ ንግድ ባንክ፣ ገብቶ ደመወዝተኛ ይሆናል። ቤተሰብ ለሚረዳ ልጅ ይህ ከአራት ዓመት ትምህርት ይልቅ የቀረበ እንጀራ ነው፤ ኮሌጅ ቢያስብ ግን ከክለብ የተቀበለው ደመወዝ ለኮሌጅ የመወዳደር መብቱን ሊያሳጣው ይችላል። ኬንያውያንን ትምህርት ቤት በእንግሊዝኛ መማራቸውና ቀድመው የሄዱት ታላላቆቻቸው የጠረጉት መንገድ ያግዛቸዋል። ኤርትራዊቷ ወይኒ ቀላቲ የተጓዘችው በሌላ በኩል ነው፤ በ2014 ለዓለም የወጣቶች ሻምፒዮና ወደ አሜሪካዋ ዩጂን ከተማ ሄዳ በዚያው አገር ቀረች፤ ቨርጂኒያ ሁለተኛ ደረጃ ተምራ፣ ለኒው ሜክሲኮ እየሮጠች የ2019 የኮሌጆች አገር አቋራጭ ሻምፒዮን ሆነች።

ከ2021 ጀምሮ አትሌቶች ከስማቸውና ከምስላቸው ገቢ ማግኘት ቢፈቀድላቸውም፣ በተማሪ ቪዛ ያሉት አሜሪካ ውስጥ ከትምህርት ግቢ ውጭ መሥራት በአብዛኛው ስለማይፈቀድላቸው የማስታወቂያ ውል በቀላሉ አይፈርሙም። የተመዘገበ ሰዓት ይዘው የሚመጡት የውጭ ሯጮች በዋናነት የሚያገኙት ዛሬም ያው ስኮላርሺፑን ነው።