ሞገድ ቀያሪ፦ ከቪትዝ መኪና እስከ አባቶቻችን ሬድዮ



ፈተና ሲያልቅ ወደየቤታችን እንበተናለን። ከፍኖተ ሰላምና ከቡሬ ወጣ ባለው ገጠር ብዙ ቤት ውስጥ በቆዳ ልብሱ እንደተሸፈነ ግድግዳ ላይ የተንጠለጠለ ሬድዮ ይገኛል። አንዳንዱ ይሠራል፤ አንዳንዱ «ተበላሽቷል» ተብሎ ዓመታት አልፈውታል። ኔትወርክ በማይገባበት ቀበሌ የረመዳን ጨረቃ ታየች አልታየችም የሚለውን ወሬ ከዚሁ ሣጥን የሚጠብቅ ቤተሰብ አለ። ስለዚህ የአሠራሩን ቁልፍ ነገር፣ ማለትም የሞገድ መቀየርን ማወቅ የፊዚክስ ተማሪ ብቻ ጉዳይ አይደለም።

ነገሩን ከመኪና እንጀምር። ከጃፓን ያገለገለ ሆኖ የገባ ቪትዝ የጃፓን ሬድዮ ይዞ የመጣ ነው። እዚያ የኤፍ ኤም ክልሉ ለረጅም ጊዜ ከ76 እስከ 90 ሜጋ ኸርዝ ነበር፤ የኛ ደግሞ ከ87.5 እስከ 108 ነው። ባለመኪናው አዲስ አበባ ገብቶ ሸገር 102.1ን ቢፈልግ ቁጥሩ ሬድዮው ላይ የለም። ባለሙያው በአንቴናውና በሬድዮው መካከል ከክብሪት ቤት ብዙም የማትበልጥ ሣጥን ያስገባል። ሣጥኗ ውስጥ የራሷን ሞገድ የምታመነጭ ክፍል አለች፤ 20 ሜጋ ኸርዝ ነው እንበል። ሁለቱ ሞገዶች ሲደባለቁ ልዩነታቸው ይወጣል፤ 102.1 ሲቀነስ 20፣ 82.1። ጣቢያው በጃፓኑ ሬድዮ 82.1 ላይ ይሰማል። የተቀየረው ቁጥሩ ነው እንጂ ንግግሩ አልተነካም። ኮንቨርተር የሚባለው ይኸው ነው።

የድሮዎቹ አማተሮች ኮንቨርተርም ሥራው ተመሳሳይ ነው። አማተር ሬድዮ ለትርፍ ሳይሆን ለመማርና ለመገናኘት ሲባል ከጣቢያ ጣቢያ መነጋገር ነው። በአገራችን በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የቴክኖሎጂ ግቢ ያለው የክበብ ጣቢያ በዓለም ዙሪያ የሚታወቀው ኢ.ቲ.3.ኤ.ኤ. በሚል መጠሪያው ነው። እንግዲህ አንድ ሰው መካከለኛ ሞገድ ብቻ ያለው ሬድዮ አለው እንበል። አማተሮች የሚነጋገሩበት አንዱ ክልል ለኛ አካባቢ ከ7,000 እስከ 7,200 ኪሎ ኸርዝ ነው። ኮንቨርተሩ ውስጥ 6,000 ኪሎ ኸርዝ የሚያመነጭ ክሪስታል ካለ፣ ክልሉ በሙሉ ወርዶ ከ1,000 እስከ 1,200 ላይ ያርፋል፤ ይህ ደግሞ ተራው ሬድዮ የሚይዘው ነው።

አንድ ችግር አለ። አማተሮች የሚጠቀሙበት የድምፅ ዓይነት በተራ ሬድዮ ሲሰማ የዳክዬ ጩኸት ይመስላል፤ ምክንያቱም ኃይል ለመቆጠብ ዋናውን ተሸካሚ ሞገድ አውጥተው ነው የሚልኩት። መፍትሔው ደስ ይላል። ሁለተኛ ሬድዮ አጠገቡ ያስቀምጡ። አብዛኛው ሬድዮ በውስጡ ራሱ ሞገድ ቀያሪ ስላለው፣ ከሚያዳምጠው ጣቢያ በ455 ኪሎ ኸርዝ የሚበልጥ ሞገድ ያመነጫል። ሁለተኛውን 645 ላይ ካደረጉት ውስጡ 1,100 እያመነጨ ነው። ያ ሞገድ አፈትልኮ የጎደለውን ተሸካሚ ይተካል፤ ቁልፉን በጣም በቀስታ ሲያዞሩ ዳክዬው ሰው ይሆናል።

ይኸው 455 ሌላም እንቆቅልሽ ይፈታል። በአጭር ሞገድ አንድ ጣቢያ ሁለት ቦታ ሲሰማ ያጋጠማችሁ ትኖራላችሁ። በ9,705 የሚያሰራጭ ጣቢያ 8,795 ላይም ሊሰማ ይችላል፤ ልዩነቱ 910፣ የ455 እጥፍ ነው። ጣቢያው ሁለት ማሰራጫ ኖሮት ሳይሆን ሬድዮው ከላይና ከታች የመጣውን መለየት አቅቶት ነው።

ወደ ጥገናው ስንመጣ፣ ከሁሉ በፊት የባትሪ ድንጋዩን ቤት ክፈቱ። ያለቀ ድንጋይ ውስጡ ተረስቶ ፈስሶ ሽቦውን የበላበት ሬድዮ እጅግ ብዙ ነው። ዝገቱን በሎሚ ጭማቂ ወይም በአቼቶ በነከረ ጥጥ ጠርጉት፤ ከዚያ በአልኮል አጽድታችሁ አድርቁት። ድምፅ መጨመሪያው የሚንኳኳ ከሆነ ብዙ ጊዜ አቧራ ነው፤ አጥፍታችሁ ደጋግማችሁ ብታዞሩት ይሻለዋል። ድምፁ ደክሞ የሚያጉረመርም ከሆነ የደረቀ ካፓሲተር ሊሆን ይችላል፤ ይህ ለሠሪ የሚሰጥ ሥራ ነው። ውስጡ ባሉት ትንንሽ የብረት ሣጥኖች አናት ላይ ያሉትን ባለቀለም ብሎኖች ግን በምንም ምክንያት አታዙሩ! እነሱ ናቸው በ455 ላይ የተስተካከሉት፤ ያለ መሣሪያ አንዴ ከተነኩ ጤነኛ የነበረው ሬድዮ ይደነቁራል። «የላላ መስሎኝ አጠበቅሁት» የሚል እጅ ከእርጅና የበለጠ ሬድዮ ገድሏል ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

አምፖል ያለው የድሮ ኮንቨርተር ወይም ሬድዮ ካገኛችሁ ጥንቃቄው ሌላ ነው። ውስጡ ከ200 ቮልት በላይ ይኖራል፤ ካፓሲተሩም ሶኬት ከተነቀለ በኋላ ኃይሉን ይዞ ይቆያል። ያላወቀ ሰው አይክፈተው።

አንቴና ለማድረግ አሥር ሜትር ያህል የመዳብ ሽቦ ይበቃል። ከመብራት ገመድ አርቃችሁ ከቤቱ እስከ ዛፍ ወጥሩት። ሬድዮው የአንቴና ቀዳዳ ከሌለው የሽቦውን ጫፍ በሬድዮው ዙሪያ ጥቂት ጊዜ ጠምጥሙት። ኮንቨርተሩን በብረት ቆርቆሮ ሣጥን ውስጥ ማስቀመጥ በመካከለኛ ሞገድ ያሉት ቅርብ ጣቢያዎች እንዳይገቡበት ይረዳል። በክረምት የጎጃም መብረቅ የዋዛ ስላልሆነ ሰማዩ ሲጠቁር ሽቦውን ነቅላችሁ ደጅ ጣሉት።

ይህ ሁሉ ለማዳመጥ ነው። መልሶ ለመናገር ፈቃድ ያስፈልጋል፤ የአየር ሞገድን የሚያስተዳድረው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ስለሆነ የሚያሠራጭ መሣሪያ ከመንካታችሁ በፊት እዚያ ጠይቁ።