ስድስት ሚሊ ሜትር ለአጋዘን ይበቃል?

እ.ኤ.አ. በ1955 አሜሪካ ውስጥ ሁለት ጥይቶች በአንድ ዓመት ገበያ ላይ ወጡ። የጠመንጃ ሠሪው የዊንቸስተር .243፣ የተፎካካሪው የሬሚንግተን ደግሞ .244 ተባለ። ስማቸው በአንድ ቁጥር ይለያይ እንጂ የሚተኩሱት አረር ስፋቱ ያው ነው፤ 6.17 ሚሊ ሜትር። እንዲያውም የሬሚንግተኑ ቀለህ ትንሽ ሰፋ ስለሚል ባሩድ ጨመር አድርጎ ይይዛል፤ አረሩንም በመጠኑ ያፈጥነዋል። ዛሬ ግን የዊንቸስተሩ ጥይት የአደን ዕቃ በሚሸጥበት መደብር ሁሉ ተደርድሮ ሲገኝ፣ የሌላኛውን ፈልጎ ማግኘት ዕድል ይጠይቃል። ጉልበተኛው ለምን ወደቀ? በትንሽ ካሊበር፣ ማለትም በጠባብ አረር፣ አጋዘን ለማደን ያሰበ ሰው ከሁሉ በፊት ይህን ቢያውቅ ብዙ ስህተት ይቀርለታል።

አጋዘን ስንል ግን የትኛውን ነው? የእኛ አገር አጋዘን፣ ድኩላና ኒያላ ቀንዳቸው ዕድሜ ልክ የማይወድቅ፣ ከበሬና ከፍየል ወገን የሆኑ እንስሳት ናቸው። የአሜሪካና የአውሮፓው ሌላ ዘር ነው፤ ወንዱ በየዓመቱ ቀንዱን ጥሎ አዲስ ያበቅላል። ከሰሃራ በታች በተፈጥሮ አይገኝም፤ ሌላ ስም ስላላወጣንለት ግን እሱንም አጋዘን እንለዋለን። እዚህ የማወራው በተለይ ስለ ሰሜን አሜሪካው ባለ ነጭ ጭራ ነው፤ በቨርጂኒያዋ አሌክሳንድሪያና አካባቢዋ የሚኖሩ ወገኖቻችን ጓሮ ገብቶ አበባቸውን የሚቀረጥፈው፣ ማታ ሲነዱ መኪናቸው ፊት ዘሎ የሚገባው። ትልቁ ወንድ 100 ኪሎ ሊያልፍ ይችላል። ልብና ሳንባው የተቀመጡበት ቦታ ግን 20 ሴንቲ ሜትር ገደማ ስፋት ያለው ክብ ነው፤ የአንድ ሰሃን ያህል።

ጠመንጃን በስም መጥራት እኛም እናውቅበታለን። ውጅግራ ከፈረንሳዩ ግራስ፣ ሰናድር ከስናይደር፣ ምንሽር ከማንሊከር የመጡ ናቸው፤ በሠሪው ስም ነው የምንጠራው። አሜሪካኖች ቁጥር ይጠራሉ፤ ቁጥሩ ደግሞ አይታመንም። .243 የአረሩ ስፋት በኢንች ሲለካ ነው፤ ይህ እውነት ነው። የ.244 አረር ግን አሁን እንዳልኩት .243 ነው። የ.223 አረር ደግሞ .224 ነው። .30-06 ላይ ያለችው 06 ስፋትም ክብደትም አይደለችም፤ ጥይቱ የወጣበት 1906 ናት። ስለዚህ በካርቶኑ ላይ ካለው ስም ይልቅ ከስሙ ቀጥሎ የተጻፈውን የአረር ክብደት ማንበብ ይሻላል። ክብደቱ የሚለካው ግሬን በሚባል የቆየ መለኪያ ነው፤ 100 ግሬን 6.5 ግራም ገደማ ይሆናል።

ወደ ሁለቱ መንትያ ጥይቶች ልመለስ። በጠመንጃ በርሜል ውስጥ እየተጠማዘዘ የሚሄድ መስመር ተቀርጿል፤ አረሩን እንደ እንዝርት እያሾረ የሚያስወጣው እሱ ነው። አረር ካልሾረ በአየር ላይ ይንገዳገዳል። አረሩ በረዘመ ቁጥር ደግሞ ፈጠን ያለ ሽክርክሪት ይፈልጋል። ሬሚንግተን ጠመንጃውን ሲሠራ ያሰበው የእርሻ ተባይ የሚባሉትን ትናንሽ እንስሳት ከሩቅ ለሚመታ ተኳሽ ነበር። ስለዚህ ለአጭርና ለቀላል አረር እንዲስማማ በ12 ኢንች አንድ ዙር የሚያሾር በርሜል ሰጠው። ዊንቸስተር ግን በ10 ኢንች አንድ ዙር አደረገው፤ 100 ግሬን የሚመዝነውንም ረዥም አረር ቀጥ አድርጎ ያስኬዳል። ገዢው የፈለገው አንድ ጠመንጃ በበጋ ተባዩን፣ በመከር አጋዘኑን እንዲያደንለት ነበር፤ ለአጋዘን ደግሞ ከበድ ያለው አረር ይሻላል የሚል እምነት ነበረው። ወደ ዊንቸስተሩ ሄደ። ሬሚንግተን ነገሩ ሲገባው በ1963 ሽክርክሪቱን ወደ 9 ኢንች አፍጥኖ፣ ስሙንም 6 ሚሊ ሜትር ሬሚንግተን ብሎ እንደገና አወጣው። ገበያው ግን አልጠበቀውም። የሁለት ኢንች የሽክርክሪት ልዩነት ጥሩ ጥይት ገደለች።

የትንሽ ካሊበር ትልቁ ጥቅም ርግጫው ነው፤ ማለትም ርግጫ ማነሱ። .243 ትከሻን የሚመታው የ.30-06ን ግማሽ ገደማ ነው። ይህ የምቾት ጉዳይ ብቻ የሚመስለው ሰው ይኖራል። ነገር ግን ትከሻው እንደሚመታ የሚያውቅ ተኳሽ ቃታውን ከመሳቡ በፊት ዓይኑን ይጨፍናል፣ ጡንቻው ይኮማተራል፣ አረሩም ሌላ ቦታ ይሄዳል። የአረሩን ስፋት ካነሳን ደግሞ በ.243 እና በ.30-06 መካከል ያለው ልዩነት ሁለት ሚሊ ሜትር አይሞላም። ሳንባ ላይ ያረፈ ትንሽ አረር አንጀት ላይ ካረፈ ትልቅ አረር ይበልጣል፤ አጋዘኑም ሳይሰቃይ ይሞታል።

ይሁንና ትንሽ አረር ስህተት አይሸከምም። እዚህ ላይ የአረሩ አሠራር ይመጣል። ስስ የመዳብ ልባስ ያለው የተባይ አረር የተሠራው ነክቶ እንዲበታተን ነው፤ አጋዘን ትከሻ ላይ ካረፈ ላይ ላዩን አቁስሎ ወደ ውስጥ ሳይዘልቅ ይቀራል። ለጦር የሚሠራው ሙሉ ልባስ ያለው ደግሞ ተቃራኒው ነው፤ ሳይሰፋ እንደ ወስፌ በስቶ ያልፋል። የሚፈለገው መሐከለኛው ነው፤ ፊቱ እንደ እንጉዳይ የሚከፈት፣ ጀርባው ግን ክብደቱን ይዞ የሚቀጥል። ጆን ኖዝለር የተባለው አሜሪካዊ በ1946 ካናዳ ውስጥ ሙስ የሚባለውን ግዙፍ አጋዘን ሲያድን አረሩ ጭቃ የደረቀበት ቆዳ ላይ እየተበተነ አስቸገረው። አገሩ ተመልሶ በሁለት ክፍል የተገነባ አረር ሠራ፤ የፊቱና የኋላው እርሳስ በመዳብ ግድግዳ ተለያይቷል። የፊቱ ይከፈታል፤ ግድግዳው የኋላውን ይጠብቃል። ይህ አረር ዛሬም ይሸጣል። በእኔ ሚዛን፣ ትንሽ ካሊበርን ለአጋዘን ያበቃው ከጠመንጃ ሠሪዎች ይልቅ የአረር ሠሪዎች ሥራ ነው።

የት ላይ ነው ወሰኑ? ሕጎቹ እንኳ አልተስማሙም። ቨርጂኒያ ለአጋዘን ከ.23 ያነሰ ካሊበር አትፈቅድም፤ ስለዚህ .223 ከበር ይመለሳል። ቴክሳስ እንዲህ ያለ የስፋት ገደብ የላትም፤ የምትከለክለው መቀጣጠያው በቀለሁ ጠርዝ ላይ ያለውን፣ እንደ .22 ያለውን ትንሽ ጥይት ነው። እንግሊዝ ለአብዛኛው አጋዘን በአፈሙዝ ላይ 2,300 ጁል ገደማ ጉልበትና ከ.240 ያላነሰ ስፋት ትጠይቃለች፤ .243 ሁለቱንም ያሟላል። ጀርመን ሮ የሚባለውን ትንሹን አጋዘን በ100 ሜትር ላይ 1,000 ጁል ባለው ጥይት መምታት ትፈቅዳለች። ቀዩን ትልቁን አጋዘን ግን በዚያው ርቀት 2,000 ጁልና ከ6.5 ሚሊ ሜትር ያላነሰ አረር ካልሆነ አይሆንም ትላለች። ጥሩ የ.243 ጥይት ጉልበቱን ያሟላል፤ በስፋቱ ግን በሦስት አስረኛ ሚሊ ሜትር ይወድቃል። ያው ጠመንጃ ስኮትላንድ ተራራ ላይ የተለመደ መሣሪያ ነው፤ ባቫሪያ ጫካ ውስጥ ለዚያው እንስሳ ሕገ ወጥ ነው።

የ.223 ደጋፊዎች ብዙ ጊዜ የሚጠሩት ስም ቤል ነው፤ በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ አፍሪካ ውስጥ ከሺህ በላይ ዝሆን አብዛኛውን በ7 ሚሊ ሜትር ጠመንጃ የገደለው ስኮትላንዳዊ። ዝሆን በ7 ከወደቀ፣ አጋዘን በ5.7 ቢወድቅ ምን ይገርማል? ክርክሩ ይጥማል፤ ግን ጎዶሎ ነው። ቤል የዝሆንን የራስ ቅል በመጋዝ ሰንጥቆ አንጎሉ የት እንዳለ ያጠና፣ የማይሰፋ ጠንካራ አረር የሚጠቀም፣ የካበተ ልምድ ያለው ባለሙያ ነበር። ቅዳሜ ጠዋት ጫካ የሚገባ ሰው ቤል አይደለም። የተለመደው 55 ግሬን የ.223 አረር በአፈሙዝ ላይ 1,700 ጁል ገደማ አለው፤ ባለ 100 ግሬኑ .243 ግን 2,600 ይደርሳል። ከ60 ግሬን በላይ የሆነና ጠንክሮ የተሠራ አረር .223ን በቅርብ ርቀት ለአጋዘን ያበቃዋል፤ ታዲያ በርሜሉ ያንን ረዥም አረር ማሾር ከቻለ። ብዙዎቹ የቆዩ የ.223 የአደን ጠመንጃዎች እንደዚያ ያልታደለ መንትያ በ12 ኢንች አንድ ዙር ናቸው።

ስለ ደም ዱካ ብዙ ጊዜ አይወራም። በትክክል ሳንባው የተመታ አጋዘን እንኳ 50 ወይም 100 ሜትር ሊሮጥ ይችላል። ትንሽ አረር ገብቶ ካልወጣ፣ ቀዳዳው አንድ ብቻ ነው፤ ያም ጠባብ ነው፤ ደሙ ውስጥ ይቀራል። ሜዳ ላይ ችግር የለውም፤ እንስሳው ሲወድቅ ይታያል። ጥቅጥቅ ባለ ቁጥቋጦ ውስጥና ሊመሽ ሲል ግን ሥጋው ለቀበሮ ይሆናል። ስለዚህ ትንሽ ካሊበር የያዘ አዳኝ እንስሳው ጎኑን እስኪሰጠው ይታገሳል፤ ጀርባውን ሰጥቶ ለሚሄድ አጋዘን ቃታ አይስብም።

አሁን ደግሞ ሌላ ነገር መጥቷል። ካሊፎርኒያ ከሐምሌ 2019 ጀምሮ ለአደን የእርሳስ አረርን ሙሉ በሙሉ ከልክላለች፤ አዳኝ የተወውን ሆድ ዕቃ የሚበላው ኮንዶር የሚባለው አሞራ በእርሳስ እየተመረዘ ስለሚሞት። ምትኩ ሙሉ በሙሉ መዳብ የሆነ አረር ነው። በደንብ ይከፈታል፣ አይበታተንም፣ ለትንሽ ካሊበር የተሠራ ነው ያሰኛል። ነገር ግን መዳብ ከእርሳስ ይቀላል፤ ክብደቱ እኩል እንዲሆን አረሩ መርዘም አለበት። ረዥም አረር ደግሞ ፈጣን ሽክርክሪት ይፈልጋል። የ1955ቱ ጥያቄ በ.243ም ላይ ዞሮ መጣ ማለት ነው፤ በ10 ኢንች አንድ ዙር የሚያሾር የድሮ በርሜል ሁሉንም የመዳብ አረር አይቀበልም።

ይህን ለማወቅ ሂሳብ መሥራት ግድ አይደለም። የበርሜሉ ሽክርክሪት ብዙ ጊዜ ብረቱ ላይ ተቀርጾ ይገኛል። ካልተገኘ፣ ከአደን ወቅት በፊት 100 ሜትር ላይ ወረቀት ሰቅሎ ሦስት ጥይት መተኮስ ነው። ከዚያ ሄዶ ቀዳዳዎቹን ማየት። ክብ ከሆኑ አረሩ በአፍንጫው ነው የደረሰው። አንዱ እንኳ እንደ ቁልፍ ቀዳዳ ሞላላ ከሆነ በጎኑ ነው የመታው፤ ያንን ካርቶን ትቶ መደብሩን አጠር ያለ አረር ያለውን መጠየቅ ነው።