ተጨማሪ መረጃ፦ የዜማ ሊቅ እንዴት ይመሰከርለታል?

የሰው ልቡና ዜማን እንዴት እንደሚቀበልና እንደሚያስታውስ የሚመረምረው ጥናት የሙዚቃ ሥነ ልቡና ይባላል፤ በባሕር ማዶም የዚህ ጥናት ሊቃውንት ስለ ምርምራቸውና ስላፈሯቸው ደቀ መዛሙርት ይሸለማሉ። እናንተ የቁይ ተማሪዎች ሆይ፣ በአገራችንም የዜማን ሊቅ የሚያከብር ጥንታዊ ሥርዓት እንዳለ ዕወቁ፤ ድጓ የተባለውን የቅዱስ ያሬድን የዜማ መጽሐፍ፣ ቃሉን ከነዜማውና ከነምልክቱ፣ ከመምህሩ እግር ሥር ሆኖ ለብዙ ዓመታት ያጠና ደቀ መዝሙር፣ በጋይንት ወደምትገኘው ቤተ ልሔም ሄዶ በመምህራን ፊት ተፈትኖ ሲመሰከርለት፣ ወንበር ዘርግቶ ሌሎችን ለማስተማር ይበቃል። ሊቁን የሚያከብረው ራሱ የማስተማር አደራው ነውና፣ ይህ ከገንዘብ ሽልማት የሚበልጥ ይመስለኛል። በሚመጣው በዓል ማኅሌቱን አድምጡ፤ መሪጌታውንም፣ ማለት የማኅሌቱን መሪ፣ ግዕዝና አራራይ የተባሉትን የዜማ ስልቶች እንዲለዩላችሁ ጠይቁና በልባችሁ የተሰማችሁን ልዩነት በደብተራችሁ ጻፉ።