ካቻቪቴ ከማንሣታችን በፊት

በአሮጌ ሞተር ብስክሌት ከከሚሴ ተነሥቶ በኮምቦልቻ በኩል ወደ ደሴ የሚወጣ ተማሪ አንድ ነገር ሳያስተውል አይቀርም። በቦርከና ሸለቆ ደኅና ይሮጥ የነበረው ሞተር ዳገቱን ሲጨርስ ጥቁር ጢስ ይተፋል፤ ጉልበቱም ይደክማል። ብዙዎቻችን «ካርቡራተሩ ተበላሸ» ብለን ለመፍታት እንቸኩላለን። ነገሩ ግን እንዲህ ነው።

ከሚሴ ከባሕር ወለል በላይ 1,400 ሜትር፥ ደሴ 2,500 ሜትር ያህል ከፍታ አላቸው። አንድ እጅ ቤንዚን በደንብ ለመንደድ በክብደት 15 እጅ ያህል አየር ይፈልጋል። ደሴ ላይ አየሩ ከከሚሴው በመቶ 10 ያህል ይሣሣል፤ ካርቡራተሩ ግን ቤንዚኑን በዚያው ልክ አይቀንስም። ጢሱ የሚመጣው ከዚህ ነው። ደጋ ላይ የተስተካከለ ሞተር ወደ ቆላ ሲወርድ ደግሞ በተቃራኒው ቤንዚን ያጥረውና ይግላል።

ስለዚህ አስቀድመን ካንዴላውን ፈትተን እንመልከት። ጫፉ ቡናማ ከሆነ ደኅና ነው። ከሚሴ ተመልሰንም ጥላሸት ከለበሰ ቤንዚን በዝቷልና በመጀመሪያ የአየር ማጣሪያውን እናጽዳ። ከነጣ ግን ቤንዚን አንሷል፤ ምናልባት በካርቡራተሩ ውስጥ ያለችው የነሐስ ቡሎን ቀዳዳዋ ተደፍኖ ይሆናል። ይህችን ከእሳት ርቀን፥ በደጅ፥ በቤንዚን አጥበን ጎሚስታ ቤት በአየር እናስነፋት እንጂ በሽቦ አንጎርጉራት። ሽቦ ቀዳዳዋን ካሰፋው ሞተሩ ቤንዚን ጠጪ ሆኖ ይቀራል፤ ይህን ደግሞ የተማሪ ኪስ አይችለውም።