«ሊኑክስን ቫይረስ አይነካውም»፦ እውነት ነው?

ሮም ውስጥ እሑድ ጠዋት ፖርታ ፖርቴሴ ገበያ የወጣ ሰው ያገለገለ ላፕቶፕ አያጣም። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠውን መደበኛ ድጋፍ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 14 ቀን 2025 ካቆመ ወዲህ ደግሞ ወዳጆቼ አሮጌ ማሽናቸውን ይዘው ይመጣሉ፤ እኔም ሊኑክስ ሚንት እጭንላቸዋለሁ። ሁሉም የሚጠይቁኝ አንድ ነገር ነው፦ «ሊኑክስን ቫይረስ አይነካውም አይደል?»

ድሮ «አዎ» እል ነበር። በራሴ ደርሶ እስካየው ድረስ።

ላፕቶፔ ዋይፋይ አልይዝ ብሎኝ መፍትሔ ስፈልግ አንድ ረጅም ትእዛዝ አገኘሁ። ከፊቱ «ሱዶ» የሚል አለበት። ምን እንደሚሠራ ሳላነብ ገልብጬ ተርሚናል ላይ ለጠፍኩና የይለፍ ቃሌን አስገባሁ። በማግስቱ ላፕቶፑ ምንም ሳልከፍትበት እንደ ምጣድ ይግል፣ ማራገቢያው ይጮህ ጀመር። «ቶፕ» በሚለው ትእዛዝ ስመለከት የማላውቀው ፕሮግራም ፕሮሰሰሩን ይዞታል። ሳስቆመው ከደቂቃ በኋላ ተመልሶ ይነሳል፤ ለካ ሥራዎችን በሰዓታቸው በሚያስነሳው በ«ክሮን» ውስጥ ራሱን አስመዝግቧል። በእኔ ኤሌክትሪክ ለሌላ ሰው ክሪፕቶ ገንዘብ ያመርት ነበር። ያስደነገጠኝ ግን የመብራቱ ሒሳብ አይደለም። የፔርሜሶ ማደሻ ሰነዶቼ፣ የፓስፖርቴ ቅጂና የእናቴ ፎቶዎች እዚያው ዲስክ ላይ ነበሩ።

ታዲያ የሊኑክስ ጥንካሬ የቱ ላይ ነው?

ሦስት ነገሮች ላይ ነው። አንደኛ፣ የወረደ ፋይል እንዲሁ ሲታይ ፕሮግራም ሆኖ አይነሳም፤ የመሥራት ፈቃድ ሊሰጠው ይገባል። ሁለተኛ፣ ተራው ተጠቃሚና «ሩት» የሚባለው የሥርዓቱ ባለቤት የተለያዩ ናቸው። ሦስተኛ፣ ሶፍትዌር የሚመጣው በዲጂታል ፊርማ ከሚረጋገጥ ማከማቻ ነው።

እኔ በአንድ መስመር ሦስቱንም አለፍኳቸው። ከማከማቻው ውጭ አመጣሁ፣ እንዲሠራ ፈቀድኩ፣ በ«ሱዶ» የሩትን ሥልጣን ሰጠሁ። ቁልፉን ከሰጠሁ በሩ ምን ያድርግ? ደግሞም ልብ በሉ፤ ሌባው ሩት ባይሆን እንኳ ፎቶና ሰነዶቻችሁ ያሉት በእናንተው ፎልደር ውስጥ ስለሆነ በእናንተ ስም የሚነሳ ማንኛውም ፕሮግራም ሊያነባቸው ይችላል።

ጀማሪ ምን ያድርግ?

1. ሥርዓቱን ከዋናው ምንጭ አውርዱ፤ ከዚያም አረጋግጡ። እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 20 ቀን 2016 ሰርጎ ገቦች የሊኑክስ ሚንትን ድረ ገጽ ሰብረው የማውረጃውን ሊንክ የጓሮ በር ወዳለው ቅጂ አዙረውት ነበር። የወረደው ፋይል የ«ሻ256» ድምር ከታወቀው ጋር ካልተመሳሰለ አትጫኑት። ድረ ገጹ ራሱ ከተሰበረ ግን ድምሩም ሊቀየር ስለሚችል የአዘጋጆቹን ዲጂታል ፊርማ ጭምር ማየት ይሻላል።

2. አዘምኑ። ሚንት ላይ የጋሻ ምልክት ያለው «አፕዴት ማኔጀር» ሲጠራችሁ አታሳልፉት። ብዙ ጥቃት የሚገባው ቀድሞ መድኃኒት በተገኘለት ቀዳዳ ነው።

3. ያልገባችሁን ትእዛዝ አትለጥፉ። በተለይ «ሱዶ» ካለበት፣ ወይም ከኢንተርኔት አውርዶ በቀጥታ የሚያስነሳ ከሆነ እያንዳንዱን ቃል ጠይቁ።

4. ፋየርዎሉን አብሩ። ኡቡንቱና ሚንት ላይ ተጭኖ ይመጣል፤ ነገር ግን ጠፍቶ ነው። ሚንት ላይ ከሜኑው «ፋየርዎል» ብላችሁ ፈልጉና ማብሪያውን ተጫኑ።

5. ፀረ ቫይረስ ከፈለጋችሁ ክላምኤቪ ነፃና ክፍት ምንጭ ነው። ከዊንዶውስ ተጠቃሚዎች ጋር ፍላሽ ለምትለዋወጡ ይጠቅማል። ሆኖም ፍተሻውን ስታዙት የሚሠራ እንጂ ከጀርባ ሆኖ ሁሉን የሚጠብቅ አድርጋችሁ አትቁጠሩት።

6. ቅጂ ያዙ። ሚንት ላይ ያለው «ታይምሺፍት» በተለመደው አሠራሩ የሥርዓቱን ፋይሎች እንጂ የእናንተን ፎቶዎች አያስቀምጥም። እነሱን በውጫዊ ዲስክ ገልብጡና ዲስኩን ንቀሉት። ሳይነቀል የቀረ ዲስክ ከላፕቶፑ ጋር አብሮ ሊጠፋ ይችላል።

የመጨረሻው ነጥብ ሮም ውስጥ ላለን ሰዎች እንግዳ አይደለም። እ.ኤ.አ. በኦገስት 2021 መጀመሪያ የላዚዮ ክልል ኮምፒውተሮች በራንሰምዌር ተመትተው የኮቪድ ክትባት ቀጠሮ መያዣው ለቀናት ተቋርጦ ነበር። መረጃው ሊመለስ የቻለው መጠባበቂያ ቅጂ ስለተረፈ ነው። ሙሉ የአይቲ ክፍል ያለውን ተቋም ያዳነው ቅጂ ከሆነ እኛማ እንዴት እንተወዋለን?

ከተነካ በኋላስ?

ኢንተርኔቱን አቋርጡ። ሩት የደረሰበት ሥርዓት ጸድቷል ብሎ ማመን አይቻልም። እኔ በፍላሽ ላይ ባለ ንጹሕ ሊኑክስ አስነስቼ ሰነዶቼን ብቻ ገለበጥኩ፣ ዲስኩን አጥፍቼ እንደ አዲስ ጫንኩ፣ የይለፍ ቃሎቼንም በሌላ ኮምፒውተር ቀየርኩ። አንድ ሙሉ ቅዳሜ ፈጀብኝ። ያንን መስመር አንብቦ ለመረዳት ግን አሥር ደቂቃ ይበቃኝ ነበር።

ዛሬ «ሊኑክስን ቫይረስ አይነካውም አይደል?» ለሚለኝ ወዳጅ መልሴ ይህ ነው፦ ሊኑክስ ጥሩ በር ነው፤ ቁልፉ ግን በእጅህ ነው።