አሶሳ እና አሦሳ እኩል ናቸውን?

የቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል ርእሰ ከተማ ስም በእሳቱ ሰ «አሶሳ»፣ ወይም በንጉሡ ሠ «አሦሳ» ተብሎ ቢጻፍ፣ አማርኛ አንባቢ የሚረዳው አንዲት ከተማን ነው፤ ሁለቱን ጽሑፎች የሚያነጻጽር የድረ ገጽ ፕሮግራም ግን እኩል አይደሉም ብሎ ይወስናል። የዚህ ውሳኔ ምክንያት የሚገኘው በማነጻጸሪያ ኦፕሬተሮች አሠራር ውስጥ ነው።

ማነጻጸሪያ ኦፕሬተር የሚባለው በሁለት እሴቶች መካከል ገብቶ «እውነት» ወይም «ሐሰት» የሚል መልስ ብቻ የሚሰጥ ምልክት ነው። ከእነዚህም > «ይበልጣል»፣ < «ያንሳል»፣ >= «ይበልጣል ወይም እኩል ነው»፣ == «እኩል ነው»፣ != ደግሞ «እኩል አይደለም» ማለት ነው፤ ነጠላው = ግን አያነጻጽርም፣ በቀኙ ያለውን እሴት በግራው ላለው ስም ይሰጣል እንጂ። የማለፊያ ነጥቡ 50 በሆነ ፈተና >= ተብሎ መጻፍ ሲገባው > ብቻ ቢጻፍ፣ ልክ 50 ያመጣው ተማሪ ወድቋል ይባላል።

ምልክቱ በትክክል ቢመረጥም፣ የሚነጻጸሩት እሴቶች የመረጃ ዓይነት፣ ማለትም ቁጥር ወይም ጽሑፍ መሆናቸው፣ መልሱን ይለውጠዋል። በመተከል ዞን ጉባ ወረዳ የተገነባው የታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ ዋናው ግድብ 145 ሜትር፣ ኮርቻ ግድቡ ደግሞ 50 ሜትር ከፍታ አላቸው። ጃቫስክሪፕት በተባለው የድረ ገጽ ፕሮግራም ቋንቋ ሁለቱ በቁጥርነት ሲነጻጸሩ 145 ይበልጣል፤ በጽሑፍነት ሲነጻጸሩ ግን ቋንቋው እንደ መዝገበ ቃላት ከመጀመሪያው ምልክት ስለሚጀምር፣ 1 ከ5 በፊት ይመጣልና «145» ከ«50» ያንሳል ይላል። በድረ ገጽ ቅጽ ላይ ተሞልቶ የሚመጣ ቁጥር አብዛኛውን ጊዜ በጽሑፍነት ስለሚደርስ፣ ከንጽጽሩ በፊት ወደ ቁጥር መለወጥ አለበት።

ብሬንዳን አይክ እ.ኤ.አ. በ1995 የፈጠሩት ጃቫስክሪፕት፣ የእኩልነት ምልክቱን == የሠራው የተለያየ ዓይነት ያላቸውን እሴቶች ራሱ ለውጦ እንዲያነጻጽር ነው። በዚህም ምክንያት ቁጥሩ 50 እና ጽሑፉ «50» እኩል ይሆናሉ፤ ሳይሞላ የተተወ የውጤት ሳጥንም ከዜሮ ጋር እኩል ይባላል፣ ምንም እንኳ ያልተሞላ ውጤትና ዜሮ ያገኘ ተማሪ ፈጽሞ የተለያዩ ነገሮች ቢሆኑም። ዓይነትንም እሴትንም አብሮ የሚመረምረው === እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው የቋንቋው መስፈርት ሦስተኛ እትም ተካቷል። ሌላው የድረ ገጽ ቋንቋ ፒኤችፒ ደግሞ፣ እ.ኤ.አ. በ2020 ስምንተኛው እትም እስኪወጣ ድረስ፣ ቁጥር የሌለበትን ጽሑፍ ዜሮ አድርጎ ይወስድ ስለነበር፣ 0 == «አሶሳ» ለሚለው ጥያቄ መልሱ «እውነት» ነበር።

ይሁንና ጥብቁ === እንኳ የፊደላችንን ጉዳይ አይፈታም። የግእዝ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 በገባበት የዩኒኮድ ሥርዓት እያንዳንዱ ሆሄ የራሱ መለያ ቁጥር ስላለው፣ የሶ ቁጥር 4662፣ የሦ ደግሞ 4646 ነው፤ ፕሮግራሙም የሚያነጻጽረው ድምፁን ሳይሆን እነዚህን ቁጥሮች ነው። መፍትሔው ከንጽጽሩ በፊት ሞክሼ ሆሄያትን በጊዜያዊ ቅጂ ላይ ወደ አንድ ወገን መመለስ ሲሆን፣ ዋናው ጽሑፍ ግን እንዳለ መቀመጥ ይኖርበታል፤ ምክንያቱም ወጣ የሚል ፍቺ ያለው «ሠረቀ» እና የሌባ ሥራ የሆነው «ሰረቀ» በሆሄያቸው ብቻ የሚለዩ ቃላት ናቸው።

የዘመን አቆጣጠርም ተመሳሳይ ጥንቃቄ ይጠይቃል። የሕዳሴው ግድብ የመሠረት ድንጋይ የተቀመጠው መጋቢት 24 ቀን 2003 ሲሆን፣ ይኸው ዕለት በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር በ2011 ይውላል፤ ሁለቱን ዓመታት የተቀበለ ፕሮግራም የአንድ ዕለት ስሞች መሆናቸውን የሚያውቅበት መንገድ የለውም። ስለዚህ ከ== እና ከ=== የትኛው ይሻላል የሚለው ጥያቄ የሚነሳው፣ ፕሮግራም ጸሐፊው የዘመን አቆጣጠሩን፣ የመረጃውን ዓይነትና ሆሄውን ወደ አንድ መለኪያ ካመጣ በኋላ ነው።